በአንድ ግቢ የሚያድጉ ዘመዳሞች፦ ጉልበተኛው ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ድሬዳዋ በሙቀት ጭር ብላለች። ሱቁ ተዘግቷል፣ አዋቂው ወይ ጋደም ብሏል ወይ በርጫ ላይ ተቀምጧል። ውስጥ ክፍል የ15 ዓመቱ የቤቱ ልጅ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ፍራሹ ላይ ተንጋሏል። የአክስቱ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። «አቦ ትንሽ ወደዚህ አዙረው» ይላል። «እናትህ ቤት ሄደህ አዙር!» ትንንሾቹ ይስቃሉ። ልጁ ተነስቶ ወደ በረንዳ ሊወጣ ሲል ሽርጡን ከኋላ ይጎትቱታል፤ እንደገና ሳቅ። 10 ሰዓት ላይ የቤቱ እናት ስትነሳ ሁሉም ሰላም ነው፤ አንዱ ብቻ ጥግ ይዟል። «ይሄ ልጅ ደግሞ ኩርፊያ ያበዛል» ትላለች።

ይህ መመሪያ ለእሷ፣ ለአጎት፣ ለአያት፣ እንዲሁም የዘመድ ልጅ በአደራ ተቀብሎ ለሚያሳድግ ሁሉ ነው። አብዛኛው ቤት ነገሩን «የልጁ ባሕርይ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ባሕርይ ድርሻ አለው፣ ወደ ኋላ እንመጣበታለን። ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ልጁ የተመካው በጡንቻው አልነበረም፤ «እናትህ ቤት» በሚለው ቃል ነው። ያንን ቃል ብቻውን አልፈጠረውም፤ ከአዋቂ ሰምቷል፣ ወይም ከአዋቂ ዝምታ ተምሯል። ስለዚህ ልጁን ከመገሠጽ በፊት ጉልበቱን ማን እንዳቀበለው መፈለግ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ መለየት፦ ፉገራ ነው፣ ጥል ነው፣ ጉልበተኝነት ነው?

ሦስቱን አንድ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሲሠራ የኖረውና ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉዳዩን ያጠናው ዳን ኦልቬውስ ጉልበተኝነትን በሦስት ነገር ለይቶታል፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ በሁለቱ መካከል የኃይል አለመመጣጠን አለ። ሦስተኛው ዋናው ነው። እኩዮች ለኳስ ቢደባደቡ ጥል ነው፤ ዛሬ አንዱ ቢያሸንፍ ነገ ሌላው ያሸንፋል። ጉልበተኝነት ላይ አሸናፊው አይቀያየርም።

ለቤት የሚሆኑ አራት መፈተኛ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

1. ሚናው ይገለበጣል? ዛሬ የተፎገረው ነገ መልሶ ቢፎግር ይፈቀድለታል? ካልተፈቀደለት ፉገራ አይደለም።
2. «በቃ» ሲባል ይቆማል? ጨዋታ ከሆነ ይቆማል። ጉልበተኝነት ከሆነ «በቃ» የሚለው ቃል ራሱ መሳቂያ ይሆናል።
3. ማን ይስቃል? የተፎገረው አብሮ ሲስቅ ዓይኑን ይመልከቱ፤ ከከንፈሩ በላይ የሳቅ ምልክት ከሌለ የሚስቀው እንዳይብስበት ነው።
4. አዋቂ ሲወጣ ይብሳል? ይህ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እዚህ ጋ በትክክል ይገጥማል። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ምን እንደሚሆን የ1998ን የክረምት ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው አይረሳም። ቤት ውስጥ ያለው ፉገራም ለረጅም ጊዜ ደረቅ አሸዋ ይመስላል።

«የዘመድ ነገር ነው፣ ሲያድጉ ይተዉታል» የሚለውን እኛ አንቀበልም። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከልጅነት ጀምሮ የተከታተለና በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት፣ በ12 ዓመታቸው በሳምንት በርካታ ጊዜ በወንድም ወይም በእህት ይጠቁ የነበሩ ልጆች 18 ሲሞላቸው ለድባቴ የመጋለጥ ዕድላቸው በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ጥናቱ ስለ ወንድምና እህት ነው እንጂ ስለ አክስት ልጅ አይደለም። ይሁንና አንድ ክፍል የሚጋሩ ዘመዳሞች ላይ ነገሩ ይቀላል የሚያሰኝ ምክንያት የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጠቃ ልጅ 6 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሸሻል፤ ቤት ውስጥ የሚጠቃው ወዴት ይሽሽ?

የ14 ቀን ደብተር

ምንም ከመናገርዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። አንድ ሳምንትም ይረዳል፣ ግን ቅዳሜና እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመጡ ልማዱን ለማየት አይበቃም። የልጅ ደብተር ላይ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ እነማን ነበሩ፣ ልክ ከዚያ በፊት ምን ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን አገኘ። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ መፍትሔው ግን ያለው እዚያ ነው። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ፣ 8፡20፣ ውስጥ ክፍል፣ ሦስቱ ወንዶችና ትንሿ፣ ከዚያ በፊት፦ እኔ ወደ መኝታ ገባሁ፣ ከዚያ በኋላ፦ ታላቁ ቬንትሌተሩን አገኘ፣ ትንንሾቹ ሳቁ፣ የእህቴ ልጅ ወጣ።»

«ባለገ»፣ «አስቸገረ»፣ «ተበጣበጡ» ብለው አይጻፉ። እነዚህ ፍርዶች ናቸው። የእጅንና የአፍን ሥራ ብቻ ይጻፉ፦ ጎተተ፣ «ፋራ» አለው፣ ሳህኑን ቀማው።

ድሬ ላይ በተለይ ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ሰዓቶችና ቦታዎች አሉ። ከ7 እስከ 10 ሰዓት፣ ከተማው የሚያርፍበት ጊዜ፣ አንደኛው ነው። በሞቃቶቹ ወራት ግቢ ውስጥ አጎበር ሰቅለው አብረው የሚያድሩ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ሹክሹክታ ሁለተኛው ነው። ውሃ በሚጠፋበት ቀን የጀሪካን ወረፋ፣ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ጥግ፣ ወደ ሱቅ የሚላክበት መንገድ ይጨመሩ። ሴቶቹ ልጆች ላይ ደግሞ ዱላ አይፈልጉ። እነሱ ዘንድ መሣሪያው መነጠል ነው፦ ለሠርግ ሒና ሲቀቡ አንዷን መዝለል፣ ስትመጣ ወሬ ማቋረጥ፣ የዘመድ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው እሷን አለማስገባት። ድምፅ ስለሌለው አዋቂ አይሰማውም፤ ጉዳቱ ግን ከኩርኩም አያንስም።

ባሕርይ፦ ሦስት ዓይነት ልጅ፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት

ደብተሩ ሲሞላ «ልክ ከዚያ በፊት» የሚለውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ያንብቡት። ልጁ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ያሳያል።

ግልፍተኛው ዓምዱ ሁልጊዜ የተሞላ ነው፦ ተሰድቧል፣ ተራ ተወስዶበታል፣ ርቦታል፣ ሌሊት አልተኛም። አዋቂ ፊትም ይማታል፤ ምክንያቱም አያሰላም። ከደቂቃዎች በኋላ ይጸጽተዋል። ለእሱ የሚሠራው ቁጣው ከመፍላቱ በፊት መውጫ መስጠት ነው። ጆሮው ሲግል፣ መንጋጋው ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርግ በሰላሙ ጊዜ ይስማሙ፦ ያለ ፈቃድ ተነስቶ ይወጣል፣ ፊቱን በውሃ ይታጠባል፣ 10 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ይቆያል፣ ማንም «ወዴት ነው?» አይለውም። «ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ስሌተኛው ዓምዱ ባዶ ነው፣ ወይም «እኔ ወጣሁ» ይላል። ቦታና ሰዓት ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ደካማውን ነው። ለአዋቂ ትሑት ነው፤ ሠፈሩ ውስጥ ስሙ «ጨዋ ልጅ» ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በእሱ ላይ ነው። «አንተ ብትሆን ምን ይሰማሃል?» የሚለውን ምክር ለእሱ መስጠት የት እንደሚያም ተጨማሪ መረጃ ማቀበል ሊሆን ይችላል። ጸጸቱ ዝቅተኛ የሆነ ልጅ በቅጣት ብዙም እንደማይለወጥ፣ በሽልማትና በቅርበት ግን ይበልጥ እንደሚሳብ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ፦ ትርፉን ይቁረጡ (ቬንትሌተሩ፣ ሳቁ፣ ተልእኮ ማምለጡ)፣ የመሪነት ፍላጎቱን ደግሞ ሒሳብ የሚቀርብበት ቦታ ላይ ያውሉት። ለምሳሌ የሳምንቱን የሱቅ ወጪ ይያዝ፣ ደረሰኝና መልስ ያስረክብ። ሰዎችን አይምራ፤ ዕቃና ገንዘብ ይምራ።

ሦስተኛው ከላይ የሚመታ፣ ከታች የሚማታ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ወይም በታላቅ ወንድሙ ይጠቃል፣ ቤት ገብቶ በትንሹ ላይ ይወጣዋል። በጥናቶች ላይ ከሚያጠቁት ብቻም ከሚጠቁት ብቻም የባሰ የአእምሮ ጤና ችግር የሚታይበት ይህ ነው። ቅጣት ብቻ ከሰጡት ሦስተኛ አጥቂ ሆኑበት ማለት ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ያስቁሙ፤ ከታች ያለው ጥቃት በዚያው ጊዜ በጥብቅ ይከልከል፣ ግን ያለ ዱላ።

«ጉልበተኛ የሚሆነው ውስጡ ፈሪ ስለሆነ ነው» የሚለው አባባል በየቦታው ይደገማል። ኦልቬውስ ፈትሾት ነበር። ያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ ዓይነተኛ ጉልበተኞች ሥጋታቸውና በራስ አለመተማመናቸው ከእኩዮቻቸው ያነሰ ወይም ከእነሱ የማይበልጥ ነበር። ስለዚህ «በራሱ እንዲተማመን» እያሉ ማሞገስ ለስሌተኛው ልጅ ነዳጅ ነው።

የባሕርይ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያገኟቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ የሚያጠቁ ልጆች ለሰው የመራራትና የመስማማት ዝንባሌያቸው፣ እንዲሁም ራስን የመግዛት ልማዳቸው ዝቅ ይላል። የሚጠቁት ዘንድ ሥጋትና ቶሎ የመረበሽ ዝንባሌ ከፍ ይላል። ይህ ጥፋታቸው አይደለም፤ ቶሎ የሚያለቅስ ልጅ ለአጥቂው ፈጣን «ውጤት» ይሰጣል፣ ነገሩ ይኸው ነው። መልካሙ ዜና እነዚህ ባሕርያት ድንጋይ ላይ አልተጻፉም። ጉርምስና ሲጀምር መስማማትም ራስን መግዛትም ትንሽ ወረድ ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ወጣትነት ሲሄዱ ይመለሳሉ። የ13 ዓመት ልጅን «ይሄ ሰው አይሆንም» ማለት ቁልቁለት ላይ ያለ መኪና አይቶ ፍሬን የለውም እንደማለት ነው።

ቤቱ ምን ይሠራል?

የማን ቤት ነው? ዘመዳሞች መካከል የኃይል ሚዛኑ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ሳይሆን በዚህ ይወሰናል። እናቱ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ሄዳ ለአክስቱ የተተወ ልጅ፣ ከሐረርጌ ገጠር ለትምህርት የመጣች የአጎት ልጅ፣ አባቱ የሞተበት፣ ሁሉም «የቤቱ ልጅ» አይደሉም፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ሥራው ሲከፋፈል ይታያል። የገጠሯ ልጅ ግማሽ ቀን ተምራ ትመጣለች፣ ከዚያ ዕቃ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ትላካለች፤ የእርስዎ ልጅ ቁጭ ብላ «ውሃ አምጪልኝ» ትላታለች። በቃ፣ ትዕዛዝ መስጠት የሚፈቀድላት እንደሆነ ተምራለች። ከዚህ በኋላ ስድቡና ግፊያው የትዕዛዙ ተከታይ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የየልጁን የአንድ ሳምንት የሥራ ሰዓት ይደምሩ። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ስለ ባሕርይ ማውራት ገና ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ። ለአደራው ልጅ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ካለና ቤቱ ውስጥ ገብቶ ከቀለጠ ልጁ ድርብ ተዋራጅ ይሆናል፦ «ጥገኛ» እየተባለ በራሱ እናት ገንዘብ ይበላል። ቢያንስ አንድ የሚታይ ነገር፣ ጫማም ሆነ ቦርሳ፣ «እናትህ የላከችው ነው» ተብሎ በሌሎቹ ፊት ይሰጠው። ገንዘብ የማይላክለት ከሆነም ለበዓል የሚገዛ ልብስ በዋጋ ይቀራረብ። ልጆች ዋጋ ያውቃሉ፤ ታይዋን ገበያ ሄደው አይተውታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ታላቅህን ስማ» ነው። ታላቅን ማክበር የእኛ ወግ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለንም። ችግሩ ታላቁን ፖሊስ ማድረግ ነው፦ «እምቢ ካለህ ኩርኩም ስጠው» ብሎ መሄድ። የ15 ዓመት ልጅ የመቅጣት ሥልጣን ተሰጥቶት ልኩን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ታላቁ ያስታውስ፣ ይንገር፣ ያሳይ፤ አይቅጣ። ይህን ቃል በቃል፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት ይንገሯቸው።

ሦስተኛውን ነገር ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1982 (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር አስቀምጦታል፤ በአንድ ቻርጀር እንየው። እናት፦ «ቻርጀሩን መልስለት።» ልጅ ይጮኻል። እናት ትደግማለች፤ ልጅ በሩን ያላትማል። እናት ደክሟታል፣ ሙቀቱም አለ፤ ወደ ትንሹ ዞራ «ተወው በቃ፣ ነገ ሌላ እገዛልሃለሁ» ትላለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። በዚህች አንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው ተምሯል። ልጁ መጮኽ እንደሚያዋጣ፣ እናት መተው ጸጥታ እንደሚያመጣ፣ ትንሹ ደግሞ ለእሱ የሚቆም እንደሌለ። በሳምንት 20 ጊዜ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። መውጫው የማያስፈጽሙትን አለማዘዝ ነው፦ ጥቂት ትዕዛዝ፣ ግን ሁሉም እስከ ፍጻሜው። ቻርጀሩን ተነስተው፣ ሄደው፣ ነቅለው ይስጡ። ሳይጮኹ።

ዱላ፣ ቁንጥጫ፣ ጥፊ በአጭሩ፦ ልጅን ስለ መማታቱ መምታት ትልቅ ሰው ትንሽ ሰውን መምታት እንደሚችል ማሳየት ነው። ማነጻጸርም («እሱን እይ፣ አንደኛ ይወጣል») የተመሰገነውን ዒላማ ያደርገዋል፤ ምስጋናውን 8 ሰዓት ላይ በኩርኩም ይከፍላል። በአዋቂዎች መካከል የውርስ ወይም የብድር ቅሬታ ካለም ልጆች ፊት አይነሳ። ልጅ የእናቱን ቂም ተሸክሞ በአክስቱ ልጅ ላይ ያራግፋል፣ ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ ግን አያውቅም።

ወደ ሥራ፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

በመጀመሪያ አዋቂዎቹ ይስማሙ። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ግቢ ውስጥ ያለ አጎት፣ ሁሉም። 30 ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ ይወሰን፦ ምን እንደማይፈቀድ (መምታት፣ ቅጽል ስም፣ ዕቃ መቀማት)፣ ምን እንደሚከተል፣ ማን እንደሚያስፈጽም። አንድ አዋቂ ብቻ ካፈነገጠ፣ አብዛኛውን ጊዜም «ተዉት ልጅ ነው» የሚሉት አያት ናቸው፣ ሁሉም ይፈርሳል። እማማን አስቀድመው በአክብሮት ያማክሯቸው፤ ውሳኔው ከእሳቸው አፍ ቢወጣ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ከተጠቂው ጋር ለብቻ፣ ፊት ለፊት ሳይቀመጡ ያውሩ። ወደ መጋላ ዕቃ ለመግዛት ይዘውት ይሂዱ፤ ጎን ለጎን ሲራመዱ አፍ ይፈታል። «ማን ምን አደረገህ?» አይበሉ። «ከሰዓት በኋላ የት መሆን ይሻልሃል? የት መሆን ትጠላለህ?» ይበሉ። ልጅ ሰውን አሳልፎ መስጠት ይፈራል፣ ቦታ መናገር ግን አይፈራም። ምሥጢር እንደሚጠብቁ አይማሉ፤ «ሳልነግርህ ለማንም አልናገርም» ይበሉ፣ ይህን መጠበቅ ይችላሉ። «አንተም መልሰህ ምታው» የሚለውን ምክር ይተዉት፤ ቢችል ኖሮ እስከ ዛሬ አይጠብቅም ነበር።

ከአጥቂው ጋር ያለው ንግግር ከ5 ደቂቃ አይለፍ። በዓይንዎ ያዩት ነገር ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ «ማን ነገረህ?» ይጀመርና ተጠቂው ማታ ዋጋውን ይከፍላል። ለዚህ ሲባል ለአንድ ሳምንት አንድ አዋቂ የከሰዓት እንቅልፉን ወይም በርጫውን የልጆቹ ክፍል በር ፊት ያድርግ። ከዚያ፦ «ዛሬ 8 ሰዓት ላይ ሽርጡን ጎትተሃል። አይቻለሁ። በዚህ ቤት አይደረግም። ስልክህን እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ስጠኝ።» «ለምን አደረግከው?» ብለው አይጠይቁ፤ ክርክር ይከፍታል፣ ክርክር ደግሞ ስሌተኛው የሚያሸንፍበት ሜዳ ነው።

ቅጣቱ አጭር፣ በዚያው ቀን የሚፈጸም፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ስልክ ለ24 ሰዓት መውሰድ ለወር ከመውሰድ ይሻላል። የወር ቅጣት በአራተኛው ቀን «ትምህርት አለኝ» ተብሎ ይሰረዛል፤ እስከዚያ ድረስም ልጁ የሚቀጣው ሁልጊዜ ያንኑ የአክስቱን ልጅ ነው።

ካሳም ይኑር፣ በአፍ ሳይሆን በእጅ። ለ7 ቀን የተጠቂውን የጀሪካን ተራ ይሸከምለት። ነገር ግን ተጠቂው ቆሞ አዛዥ አይሁን፤ ሥራውን የሚቀበለው አዋቂ ነው። ያለዚያ ሚናውን ገልብጠው በቀል ቀጠሩ ማለት ነው።

«በሉ ተሳሳሙ፣ ይቅር ተባባሉ» የሚለውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያቆዩት። እዚህ ላይ ጥብቅ ነን። እርቅ እኩል ለሚበዳደሉ ሰዎች ነው፤ በሽማግሌም ፊት መጀመሪያ በዳይ ይለያል፣ ይካሳል፣ ከዚያ ይታረቃል። ልጆቹን በአንድ ቀን ስናሳስማቸው ተጠቂውን የሚመታውን እጅ እንዲስም እናደርገዋለን፤ እሱም ዳግመኛ ለእኛ ምንም አይናገርም።

ዕቃና ቦታ መቀየር ከንግግር ሁሉ ፈጣን ነው። ቬንትሌተሩን ሁሉንም የሚያዳርስበት ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ ወደ ታች ተጭነው ዙሮ እንዲያናፍስ ያድርጉ፣ ማንም እንዳይነካው ይንገሩ። ሁለት ሶኬት ያለው ማከፋፈያ ገዝተው ቻርጀሩን ሳሎን ያምጡ፤ ስልኮች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እዚያው ያድራሉ። ግቢ ሲታደር አጥቂና ተጠቂ ጎን ለጎን አይተኙ፤ የአዋቂ አልጋ መሐል ይሁን። አንድ ትሪ ላይ ሲበላ ከተሻሙ ለጊዜው በየሳህኑ ይቅረብ። የሥራ ተራው ወረቀት ላይ ተጽፎ ወጥ ቤት በር ላይ ይለጠፍ፣ ስሞቹም በየሳምንቱ ይዙሩ፣ የቤቱ ልጅ ስም ጭምር።

የሚስቁትን ትንንሾች አይርሱ። ካናዳ ውስጥ በትምህርት ቤት ግቢ በካሜራ በተደረገ ጥናት፣ አንድ እኩያ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። የ9 ዓመት ልጅ የ15 ዓመት ልጅን «ተው» እንዲል ግን አይጠብቁ። ከእሱ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ አለመሳቅና ተነስቶ መውጣት። ይህን ያደረገን ልጅ ማታ ለብቻው ያመስግኑት፤ በሁሉም ፊት ካመሰገኑት ቀጣዩ ዒላማ እሱ ይሆናል።

የሚያጋጥሙ መሰናክሎች

በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ይብሳል። ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር ሲከለከል ልጅ መጀመሪያ ጨምሮ ይሞክራል። እዚህ ጋ ተስፋ የቆረጠ ቤት ልጁን «ጨምር፣ ይሳካልሃል» ብሎ አስተምሮታል።

ጥቃቱ ወደ ስልክ ይሸሻል። ከክፍሉ ሲጠፋ ቴሌግራም ላይ ስቲከር ሆኖ ይመጣል፤ ተኝቶ የተነሳ ፎቶ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት። የተኛ ሰው ፎቶ ማንሳት ክልክል እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ከተለጠፈም አይሰረዝ፣ መጀመሪያ ቅጂው ይያዝ።

ተጠቂው ትከሻው ሲለቀው ሊያስቀይም ይችላል፦ ይዋሻል፣ ያጋንናል፣ ትንሿ ላይ ይወጣል። ይህ «ያው ሁለቱም አንድ ናቸው» ለማለት ምክንያት አይሁንዎት። ለእሱም ያው ሕግ ይሥራ።

ወላጆች ይጣላሉ። «ልጄን ጉልበተኛ አልሽው» የሚለው ስልክ መምጣቱ አይቀርም። ደብተሩ ለዚህ ይጠቅማል፦ ስም ሳይሰጡ፣ ሰዓትና ድርጊት ብቻ ያንብቡላት። ልጁን አይግለጹ፣ ማክሰኞ 8፡20ን ይግለጹ።

ከቤት በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለት፣ ገመድ ወይም ድንጋይ ከተነሳ፣ የወሲብ ይዘት ያለው ንክኪ ወይም ማስፈራሪያ ካለ፣ ልጁ «ብሞት ይሻላል» ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ በደንብ ካልበላና ካልተኛ፣ ደብተርና ተራ አይበቁም። የዚያኑ ቀን ሁለቱን ልጆች በተለያየ ቤት ያሳድሩ። ወደ ሌላ ቤት የሚሄደው ተጠቂው አይሁን፤ እሱ ከሄደ የተባረረ ይመስለዋል። ለሕክምና ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ይሄዳሉ፤ ካርድ ሲያወጡ «የአእምሮ ጤና» ብለው ይናገሩ፣ «ራሱን ያመዋል» ብለው ከሸፈኑት ለራስ ምታት ይታከማል። የወሲብ ጥቃት ከሆነ ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱ ሳይታጠብ መድረስ አለበት፤ ለፖሊስም ይነገራል። በዘመድ ሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

በአራተኛው ሳምንት ደብተሩን እንደገና ለ7 ቀን ይክፈቱት። የከሰዓቱ ረድፍ ባዶ ሆኖ የማታው ከሞላ ጥቃቱ ሰዓት ቀይሯል፤ አዋቂውም ሰዓቱን ይቀይር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ወይም ከገጠር የሚመጡ ዘመዳሞች ይጨመራሉ፣ ያን ጊዜ የኃይል ሚዛኑ በሙሉ ይናጋል። እንግዶቹ በገቡበት በመጀመሪያው ማታ፣ ሻንጣ ሳይፈታ፣ ወጥ ቤት በር ላይ ያለው ወረቀት ላይ ስማቸው ይጨመር።